የማኅፀን በር ካንሰርን ቀድሞ ማወቅ፦ በዘረመል ላይ የሚታየው ምልክትና የሰበካችን ድርሻ

(ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለአገልጋይ ካህናት በተዘጋጀ የጤና ትምህርት ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤትና የእናቶች ማኅበራት ተወካዮች፣

የዛሬው ርእሳችን በአደባባይ ለመናገር የሚከብድ ነው። ብዙዎች ስሙን ሲሰሙ አንገታቸውን ይደፋሉ። ይሁን እንጂ ዝምታችን ነፍስ እያስከፈለ ስለሆነ ልንናገረው ይገባል። ርእሱ የማኅፀን በር ካንሰር ነው።

ባለ መድኃኒቱ ወንጌላዊ ቅዱስ ሉቃስ ስለ ጻፈላት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት ስለ ኖረችው ሴት ሁላችሁም ታስተምራላችሁ። ገንዘቧን ለባለ መድኃኒቶች ጨርሳ፣ ከሰው ተሸሽጋ፣ ከኋላ መጥታ የጌታን ልብስ ጫፍ የዳሰሰችው ያች ሴት ዛሬም በየአጥቢያችን አለች። እኛም ልንነግራችሁ የመጣነው ስለ እርሷ ነው።

እስቲ አንዲት እናት በዓይነ ኅሊናችን እናምጣ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል፤ የወር አበባቸው ከቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል። አንድ ቀን ደም ያያሉ። «ልማዴ ተመለሰ» ብለው ያልፉታል። ደሙ ግን ይመላለሳል። በሥርዓቱ መሠረት ከቤተ መቅደስ ይርቃሉ፤ በቅጽሩ ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ፤ ሥጋ ወደሙ መቀበልም ይተዋሉ። ለልጆቻቸው መናገር ያፍራሉ። ከወራት በኋላ ወደ ጠበል ይሄዳሉ። ፈሳሹ መሽተት ሲጀምር ደግሞ ከማኅበርም ከለቅሶም ይቀራሉ። በመጨረሻ ወገባቸውን ይዘው በሰው ድጋፍ ሆስፒታል ሲደርሱ ሕመሙ በቀዶ ሕክምና ከሚወገድበት ደረጃ አልፎ ይገኛል።

አሁን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። እኒህ እናት እንደ ቀድሞው እንዳልሆኑ አስቀድሞ ሊያውቅ ይችል የነበረው ማን ነው? ሐኪሙ አይደለም፤ እርሱ ያያቸው በመጨረሻ ነው። ከቁርባን መራቃቸውን፣ ከቅጽር ውጭ መቆማቸውን ያየው የንስሐ አባታቸው ነው። ይህን ትምህርት ለጤና ባለሙያዎች ብቻ ሳንተው ለእናንተ ያመጣነው በዚህ ምክንያት ነው።

የበሽታው ጠባይ

የማኅፀን በር ካንሰር በሀገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች መካከል ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ የሚገኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 660 ሺህ ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፤ 350 ሺህ ያህሉም ሞተዋል። ከሞቱት ውስጥ ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች የሚኖሩ ናቸው። የሚያሳዝነው የቁጥሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በሽታው ሊከላከሉትና ቀድመው ከደረሱበት ሊያድኑት የሚቻል ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ነፍስ መጥፋቱ ነው።

መንስኤው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃራልድ ዙር ሃውዘን ይህን ቫይረስ ከማኅፀን በር ካንሰር ጋር ያገናኘው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ቫይረሱ ብዙ ዓይነት አለው፤ ከእነዚህ ውስጥ 16ኛውና 18ኛው ዓይነት ብቻ ከመቶ ሰባ ለሚሆነው የማኅፀን በር ካንሰር ምክንያት ናቸው።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። እዚህ ላይ አባቶች በጥሞና እንድታደምጡን እንለምናለን። ቫይረሱ በዓለም ላይ እጅግ የተሠራጨ ነው፤ ግንኙነት ካደረጉ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ምንም ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ዓመት በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ወንዱም ሳያውቀው ተሸክሞት ይኖራል። ስለዚህ በአንዲት ባለ ትዳር ላይ ቫይረሱ ተገኘ ማለት ከትዳሯ ውጭ ሄደች ማለት አይደለም፤ ባሏም ዛሬ በደለ ማለት አይደለም። በምርመራ ውጤት ምክንያት ጠብ ተነሥቶ ባልና ሚስት ወደ እናንተ ሲመጡ ይህን እውነት ይዛችሁ ብትዳኙ የሚፈርስ ትዳር ታድናላችሁ። የቀሳውስት ሚስቶችም እንደ ማንኛዋም ሴት ምርመራው ያስፈልጋቸዋል።

ቫይረሱ ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹን የሰውነታቸው የመከላከል ኃይል በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ያጸዳላቸዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ይጸናል። ከጸና በኋላ ጤነኛውን ሕዋስ ቀስ በቀስ ይለውጠዋል፤ ይህ ደረጃ ቅድመ ካንሰር ይባላል። ከዚያ ወደ ካንሰር ለመድረስ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። የመከላከል ኃይላቸው በደከመ፣ በተለይም ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ባለ ሴቶች ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል፤ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸውም ከሌሎች ስድስት እጥፍ ያህል ነው። እነዚህ የጨለማ ዓመታት የምሕረት ዓመታትም ናቸው። በእነርሱ ውስጥ የመረመረ ያድናል።

ፊደሉ ሳይለወጥ ንባቡ ሲለወጥ

ከዚህ የሚነሣው ትልቅ ጥያቄ፣ ቫይረሱ ከተገኘባቸው ብዙ ሴቶች መካከል ወደ ካንሰር የምታመራው የትኛዋ ናት የሚለው ነው። ሳይንቲስቶች መልሱን ከሚፈልጉባቸው መንገዶች አንዱ የዘረመል ሜቲሌሽን ይባላል። ነገሩ ረቂቅ ቢሆንም ለእናንተ ቅርብ በሆነ ምሳሌ ልንገልጠው እንሞክር።

ድጓውን ስትገልጡ ከፊደላቱ በላይ ደቃቅ ሆነው የተጻፉ የዜማ ምልክቶችን ታያላችሁ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ርክርክ የምትሏቸውን። ምልክቱ ፊደሉን አይለውጠውም፤ «በ» ያው «በ» ነው። ነገር ግን ምልክቱ ያለበትንና የሌለበትን መሪጌታው አንድ አድርጎ አያዜምም። የሰውነታችንም ሕዋስ ዲኤንኤ የሚባል መጽሐፍ አለው። መጽሐፉ የተጻፈው በአራት ፊደላት ሲሆን ከመካከላቸው «ሲ» በሚባለው ላይ ሜቲል የተሰኘች ደቃቅ ኬሚካል ትቀመጣለች። ይህች ምልክት በዘረመሉ መነሻ ላይ ስትበዛ፣ ፊደሉ እንዳለ ሆኖ ሕዋሱ ያንን ዘረመል ማንበብ ያቆማል። የዜማ ምልክት እንዲነበብ ያደርጋል፤ ይህች ግን ንባቡን ታዘጋለች፤ ልዩነታቸው ይህ ነው።

ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። የዓይን ሕዋስ የጉበትን ሥራ እንዳይሠራ፣ የማያስፈልገው ገጽ የሚዘጋው በዚሁ ሥርዓት ነው። አደጋው የሚመጣው ቫይረሱ ለረጅም ጊዜ በጸናበት ሕዋስ ውስጥ፣ የሕዋስን ከልክ ያለፈ መራባት የሚገቱ ዘረመሎች ያለ ቦታቸው ምልክት ሲበዛባቸው ነው። ጠባቂው ዝም ይላል፤ ሕዋሱም ያለ ልክ መራባት ይጀምራል። ቅድመ ካንሰሩ በከፋ መጠን ምልክቱ እየበዛ ይሄዳል፤ ካንሰር ላይ ሲደረስም እጅግ ከፍ ይላል።

ሐኪሞች ይህን የሚያነቡት ከማኅፀን በር በተወሰደ ጥቂት ናሙና ነው። ናሙናውን ሶዲየም ባይሰልፋይት በሚባል ኬሚካል ያክሙታል። ኬሚካሉ ምልክት የሌለበትን «ሲ» ወደ ሌላ ፊደል ይለውጠዋል፤ ምልክት ያለበትን ግን አይነካውም። ከዚያ መሣሪያው ልዩነቱን ያነባል። ከተጠኑት ዘረመሎች መካከል ፋም19ኤ4 እና ሚር124-2 የሚባሉት ይገኙበታል። ከ25 በላይ ሀገሮች በተሰበሰቡ 519 የማኅፀን በር ካንሰር ናሙናዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ያለው ምልክት ከመቶ 98 በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል። በኔዘርላንድ ለ14 ዓመት በተደረገ ክትትል ደግሞ ቫይረሱ ኖሮባቸው ምልክቱ ያልተገኘባቸው ሴቶች በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅተኛ ሆኖ ታይቷል።

ጥቅሙን በምሳሌ እንየው። ሁለት የሠላሳ አምስት ዓመት እኅቶች ተመርምረው ቫይረሱ ተገኘባቸው እንበል። በመጀመሪያይቱ ላይ የሜቲል ምልክቱ አልተገኘም። ለእርሷ የሚበጃት ሳትደነግጥ በቀጠሮዋ እየተመለሰች መታየት ነው፤ የማያስፈልጋትን ሕክምና ብትታከም፣ በተለይ ከማኅፀን በሯ ሥጋ ተቆርጦ ቢወሰድ፣ ወደፊት ስትፀንስ ያለ ጊዜዋ ልትወልድ ትችላለች። በሁለተኛይቱ ላይ ምልክቱ በዝቶ ተገኘ። እርሷ ለነገ መባል የለባትም፤ በዚያው ሰሞን በሐኪም ታይታ መታከም አለባት። የቫይረሱ ምርመራ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያሳያቸዋል፤ የዘረመሉ ምልክት ግን ይለያቸዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች እንዳይፈጠሩ እናስጠነቅቃለን። አንደኛ፣ «ዘረመል» የሚለውን ቃል ሰምቶ «በሽታው በዘራቸው ያለ ነው» የሚል እንዳይኖር። ይህ ምልክት በአንዲት ሴት ሕይወት ዘመን በማኅፀን በሯ ሕዋስ ላይ ብቻ የሚፈጠር ነው፤ ከእናቷ አልወረሰችውም፤ ለልጇም አታወርሰውም። በዚህ ምክንያት ልጇን ለጋብቻ የሚሸሽ ቢኖር እናንተ ገሥጹት። ሁለተኛ፣ ምልክቱ ተገኘ ማለት የሞት ፍርድ ተነበበ ማለት አይደለም። የሚፈለገው ገና ሳይከፋ ለመድረስ ነው።

አዲሱን እየጠበቅን ያለውን አንጣ

ይህ ምርመራ ጥሩ ላቦራቶሪና የሠለጠነ ባለሙያ የሚጠይቅ ነው፤ በየጤና ጣቢያችን ሄደን የምናገኘው አይደለም። ታዲያ ለምን ነገራችሁን ትሉን ይሆናል። የነገርናችሁ የበሽታውን አካሄድ ሲያውቁት ማስተማር ስለሚቀል ነው። ደግሞም እንዲህ ያለው ምርመራ ሴቲቱ ራሷ በግል ከወሰደችው ናሙና ሊሠራ መቻሉ ተጠንቷልና፣ በኀፍረት ምክንያት ከሐኪም ለሚሸሹ እናቶቻችን ነገ ትልቅ በር ይከፍታል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ነገር ግን የነገውን በር እየጠበቅን ዛሬ በተከፈተው ሳንገባ ብንቀር ተጠያቂዎች እኛው ነን።

ዛሬ የተከፈተው በር ይህ ነው። በሀገራችን ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች የቅድመ ካንሰር ምርመራ ይሰጣል። ባለሙያዋ በማኅፀን በር ላይ እንደ ኮምጣጤ ያለ ቀጭን አሴቲክ አሲድ ትቀባለች፤ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይታ ትመለከታለች። የተለወጠው ሥፍራ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሕክምናው በቦታው ካለና ሁኔታው ከፈቀደ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት በዚያኑ ቀን ሊታከም ይችላል። ማደንዘዣ ወስዶ መተኛት፣ ሆስፒታል ማደር አያስፈልገውም። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ እኅቶች ምርመራውን ቀደም ብለው መጀመርና ቶሎ ቶሎ መመላለስ አለባቸው። ዕድሜዋ ከዚህ ያለፈ ሴትም ደም ካየች ዕድሜ ሳትቆጥር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባታል።

ሁለተኛው በር ክትባቱ ነው። በሀገራችን የኤችፒቪ ክትባት ለልጃገረዶች በ2011 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ አሁን በአንድ ጊዜ መርፌ ብቻ እየተሰጠ ነው። ክትባቱ የሚሰጠው ልጃገረዷ ቫይረሱን ከመገናኘቷ በፊት እንዲሆን ነው፤ ስለዚህ በልጅነቷ መሰጠቱ ለዝሙት በር መክፈት ተደርጎ መታየት የለበትም። በድንግልና ኖራ በተክሊል የምታገባዋም ልጅ፣ ባሏ ሳያውቅ የተሸከመው ቫይረስ ሊያገኛት ይችላልና ክትባቱ ያስፈልጋታል። «ያመክናል» የሚለው ወሬም ሐሰት ነው። እንዲያውም ማኅፀንን የሚያሳጣው በሽታው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ሀገሮች ሁሉ እንዲደርሱበት ያወጣው ግብም በዚሁ ላይ የቆመ ነው፤ ከመቶ ዘጠና ልጃገረዶች እስከ 15 ዓመታቸው እንዲከተቡ፣ ከመቶ ሰባ ሴቶች በ35 እና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፣ ሕመም ከተገኘባቸውም ከመቶ ዘጠናው እንዲታከሙ።

ከካህናት የምንለምነው

አንደኛ፣ የንስሐ ልጃችሁ ከቁርባን በራቀች ጊዜ ምክንያቱን በአባትነት ርኅራኄ ጠይቁ። ያለ ወር አበባ ጊዜ የሚፈስ ደም፣ ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ «ልጄ፣ ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ» በሉ። ምስጢሩንም እንደ ኑዛዜ ጠብቁላት።

ሁለተኛ፣ በጠበል ቦታ ለምታገለግሉ አባቶች። ጠበልን ከመድኃኒት ጋር የሚያጣላ ትምህርት ቤተ ክርስቲያናችን የላትም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። የማኅፀን በር ካንሰርም ከዚህ የተለየ አይደለም። በጠበሉ ቦታ ያለች ሕመምተኛ «ተመርምረሻል ወይ?» ተብላ ብትጠየቅ እምነቷን አንቀንስባትም፤ ጊዜዋን እናተርፍላታለን። በዚህ በሽታ የሚባክን ወር የሚመለስ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ዕድሜዋ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ እንዳትዳር የጀመራችሁትን ተጋድሎ አጽኑ። ገና ያልጠናች ልጅ በጋብቻ ስትሰጥ ለዚህም በሽታ ይበልጥ ትጋለጣለች።

ከሰበካ ጉባኤያት የምንለምነው

አንደኛ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሁለት ሰው ልካችሁ ምርመራው የሚሰጠው በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ የምትመረምረው ሴት ባለሙያ መሆኗንም ጠይቁ። ያንን ቀን በዓውደ ምሕረት አስነግሩ። «ተመርመሩ» ብቻ የሚል ማስታወቂያ ከቅዳሴ በኋላ ይረሳል፤ «ማክሰኞ ጠዋት፣ በእንትን ጤና ጣቢያ» የሚል ግን ሰው ያንቀሳቅሳል።

ሁለተኛ፣ እናቶች ተጠራርተው እንዲሄዱ የእናቶች ማኅበርንና የጽዋ ማኅበርን አስተባብሩ። ብቻዋን የምታፍር እናት ከጎረቤቷ ጋር ስትሆን አታፍርም።

ሦስተኛ፣ ከዓመታዊ በጀታችሁ ላይ አነስተኛም ቢሆን ለድኾች ሕሙማን የመጓጓዣ ገንዘብ ለዩ። ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ተልካ በመሳፈሪያ እጦት የምትቀር ሴት ብዙ ናት። የጨረር ሕክምና በሀገራችን ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ዛሬም ቢሆን ከገጠር ለሚመጣ ሰው መንገዱ ሩቅ፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ስትመለስ የምታርፍበት ቤት፣ ልጆቿን የሚጠብቅ ጎረቤት ማዘጋጀት ደግሞ ገንዘብ እንኳ የማይጠይቅ አገልግሎት ነው።

አራተኛ፣ ክትባቱ ሲመጣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ስም ዝርዝር ይዛችሁ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተገናኙ። ትምህርት ቤት የማይገቡ ልጆች በዝርዝሩ እንዳይዘነጉ አደራ እንላለን፤ እነርሱን የሚያውቃቸው ሰበካው ነው።

ክቡራን አባቶችና ወንድሞች፣

በመጀመሪያ ያነሣናቸውን እናት እንደገና እናስባቸው። ሁለተኛ ደም ባዩ ሳምንት የንስሐ አባታቸው «እማማ፣ ምነው ከቁርባን ራቁ?» ብለው ቢጠይቋቸው ኖሮ፣ ጎረቤታቸው እጃቸውን ይዛ ጤና ጣቢያ ብትወስዳቸው ኖሮ፣ ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ሊቃውንት በሕዋስ መጽሐፍ ላይ ያለችውን ደቃቅ ምልክት ለማንበብ ብዙ ዓመት ደክመዋል። ከእኛ የሚጠበቀው ከዚያ ይቀላል፤ በቅጽራችን ደጅ የቆመችውን እናት ማየትና ምልክቷን ማንበብ ነው።

ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ በመጀመሪያው እሑድ ይህን ጉዳይ በዓውደ ምሕረት እንድትናገሩ፣ በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባም በአጀንዳ እንድትይዙት በትሕትና እንጠይቃለን። እግዚአብሔር እናቶቻችንንና እኅቶቻችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ይማርልን፤ ለአገልግሎታችሁም ብርታቱን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።